በገና ሃርፕ አይደለም፤ የጊታር ዘመድም ማሲንቆ ነው

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ያለችው የሙዚቃ መሣሪያ የምጠግንባት ጠባብ ሱቄ ደጃፍ ላይ ሦስት ክራር፣ አንድ ማሲንቆና አንድ በገና ተሰቅለው ይውላሉ። ልጁን ይዞ የሚያልፍ ሰው ቆም ይልና ያስረዳል፦ «ይሄ የእኛ ጊታር ነው፣ ያኛው ደግሞ የእኛ ሃርፕ።» ስንት ዓመት ሰምቼ አሳለፍኩት። ዝም ማለት ያቃተኝ ባለፈው ሰኔ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ፈተና ላይ «በገና የሃርፕ ዓይነት ነው» ለሚል ጥያቄ «ሐሰት» ብላ መልሳ ኤክስ ተደረገባት። መልሱን የሰማችው ከእኔ ነው። ወረቀቱን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ አሳሳቱኝ እኮ» አለችኝ።

አላሳሳትኳትም። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

«በገና ሃርፕ ነው»

ስህተቱ የተወለደው ከትርጉም ነው። የዳዊት መሣሪያ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሃርፕ ተባለ፣ በአማርኛው በገና ተባለ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሁሉ አንድ ናቸው ብሎ ደመደመ። በዕብራይስጡ ግን የዳዊት መሣሪያ ኪኖር ነው። ኪኖር ደግሞ ፈረንጆች ላየር የሚሉት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ132 እስከ 135 በነበረው የባር ኮክባ ዓመፅ ጊዜ አይሁድ ባተሟቸው ሳንቲሞች ላይ ሁለት ክንድና ከላይ የሚያገናኛቸው አግዳሚ እንጨት ያለው መሣሪያ ተቀርጿል። የእኛን በገና የሚያውቅ ሰው ሲያየው አይደናገርም፤ በገናም ላየር ነው። እንግዲህ የተሳሳተው የእንግሊዝኛው ቃል ነው፤ በገናማ ቦታው ላይ ነው ያለው።

መጽሐፍ ሳያገላብጡም መለየት ይቻላል። በገናውን አንሥታችሁ ከጎኑ እዩት። ክሮቹ ከላይ ካለው አግዳሚ እንጨት፣ ከቀንበሩ ይነሣሉ፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ይወርዳሉ፣ በርኩማውን፣ ማለትም ክሩን ከቆዳው ከፍ የሚያደርገውን እንጨት፣ ተሻግረው ቆዳው ፊት ላይ ተኝተው ያልፋሉ። ከቆዳው ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት። ሃርፕ ላይ እንዲህ የለም። የሃርፕ ክር ከድምፅ ሣጥኑ ፊት ላይ ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ ልክ ከመሬት እንደበቀለ ሸምበቆ። ክሩ ተኝቶ ያልፋል ወይስ ቆሞ ይወጣል? ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የክር ብዛትም፣ ቁመትም፣ ቅድስናም አይለየውም።

እ.ኤ.አ. በ1914 የሙዚቃ ተመራማሪዎቹ ኤሪክ ፎን ሆርንቦስቴልና ኩርት ዛክስ የዓለምን የሙዚቃ መሣሪያዎች በቁጥር ሲመድቡ የያዙት ይህንኑ ነው። ሃርፕን 322 ላይ ለብቻው አስቀመጡት። ክሩ ከፊቱ ጋር ተኝቶ የሚሄደውን በሙሉ 321 ብለው ሉት የሚል የወል ስም ሰጡት፤ በገናና ክራርን የመሰለውን ደግሞ ከዚያው ውስጥ 321.2 ብለው «ባለ ቀንበር» አሉት። ይህን ሳነብ ሥራዬን አቁሜ ተነሣሁ። የእኛ አባቶች ያንን አግዳሚ እንጨት ቀንበር ብለው ሲጠሩት ኖረዋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ቃሉን ከእኛ አልወሰዱም፣ እኛም ከእነሱ አልተበደርንም። እንጨቱን ያየ ሁሉ በሬዎች ጫንቃ ላይ የሚያርፈው ነው የሚታየው። ተማሪ ይህን ቃል ከአያቱ አፍ ሊሰማው የሚችል ሆኖ ሳለ ለምን ሃርፕ እንደሚባልለት አይገባኝም።

የበገና ገበቴ፣ ድምፁን የሚያጎላው ታችኛው ክፍል፣ ሣጥን ስለሆነ ቁጥሩ 321.22 ነው፤ ጎድጓዳው ክራር 321.21። ተቀራራቢ ወንድማማቾች ናቸው።

«ክራር የእኛ ጊታር ነው»

አንድ ወጣት ክራሩን አምጥቶ «ፍሬት ግጠምልኝ» አለኝ፤ ጊታር አንገት ላይ በአግድም የተደረደሩትን መስመሮች ማለቱ ነው። የት ላይ ልግጠመው? ጊታር አንገት አለው፤ ግራ እጅ ክሩን አንገቱ ላይ ጫን ሲል ክሩ ያጥራል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከአንድ ክር ብዙ ድምፅ ይወጣል። ክራር አንገት የለውም። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለው አየር ነው። እያንዳንዱ ክር የተቃኘበትን አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ለዚህ ነው ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ለመሄድ መቃኛውን መንካት የግድ የሚሆነው። ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚገርፈው በግርፍ አመታት የግራ ጣቶች ሥራም የማይፈለገውን ክር ከኋላ ይዞ ዝም ማሰኘት ነው፤ ማሳጠር አይደለም።

የጊታርን የቅርብ ዘመድ ከፈለጋችሁ ከክራሩ አጠገብ የተሰቀለውን ማሲንቆ እዩ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይገረማል። ማሲንቆ አንገት አለው፤ እንጨቱ ሣጥኑን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ተጫዋቹ በጣቱ ክሩን እያሳጠረ ዜማውን ያወጣል። በደጋን መመታቱ ቤተሰቡን አይቀይረውም። ጊታርም በደጋን ቢፋቅ ጊታር ነው። የማሲንቆ ቦታ 321.3 ውስጥ፣ ባለ አንገቶቹ ዘንድ፣ ከጊታርና ከዐረቦቹ ኡድ ጋር ነው።

«ስሙ አንድ ከሆነ መሣሪያው አንድ ነው»

ጊታር የሚለው ስም ከግሪኩ ኪታራ የመጣ ነው፤ ኪታራ ግን ባለ ቀንበር ነበር። በቱርክ ታንቡር ረጅም አንገት ያለው ነው፤ ሱዳን ስትሻገሩ ታንቡራ የክራር ወንድም ይሆናል። በመዝሙረ ዳዊት ያለው «መሰንቆ»ም እንዲሁ ነው። በደጋን የሚመቱ መሣሪያዎች በታሪክ መታየት የጀመሩት በ10ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው፤ ዳዊት ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው የኖረው። የግዕዝ ተርጓሚዎች መሰንቆ ሲሉ በጣት የሚደረደረውን ነበር። ስሙ በኋላ ወደ ባለ ደጋኑ ተሻገረ።

«ክራር ጊታርን አይተው የሠሩት ነው»

በዛሬዋ ኢራቅ በምትገኘው በጥንታዊቷ ዑር ከተማ መቃብር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተቆፈሩት ላየሮች ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ዓመት አካባቢ የተሠሩ ናቸው። ያኔ ጊታር የት ነበር?

«በገናው ይነዝራል፣ ተበላሽቷል»

አልተበላሸም። ድምፁን የሚያነዝረው በክሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት፤ እንዝራ ትባላለች። እባካችሁ እያወጣችሁ አትጣሏት።

«አሥሩም ክር ይመታል»

አብዛኛውን ጊዜ የሚደረደሩት አምስት ወይም ስድስቱ ናቸው። የቀሩት የጣት ማረፊያ ናቸው።

«ሉት የአውሮፓ ነው፤ ኡድም ያው ጊታር ነው»

ሉትን ከላይ የወል ስም ሆኖ አይተነዋል፤ እዚህ ግን አንድ ባለ አንገት መሣሪያ ነው። ቃሉ ራሱ አል-ዑድ ከሚለው ዐረብኛ የወጣ ነው፤ «እንጨቱ» ማለት ነው። መሣሪያው በእስላማዊቷ ስፔን በኩል አልፎ አውሮፓ ሲደርስ አንገቱ ላይ የጅማት ፍሬት ታሰረበት፤ ኡድ ግን ዛሬም ፍሬት የለውም። ሁለቱም ጀርባቸው እንደ ተከፈለ ዱባ የተነፋ ነው፣ ከቀጫጭን እንጨቶች ተገጣጥሞ። ጊታር ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ወገቡ የገባ ነው። ቅርጽ ብቻውንም አይበቃም፦ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን የነበረው ቪዌላ የሚባል መሣሪያ ጊታር ይመስላል፣ ቅኝቱ ግን የሉት ነው።

ይህ የቃል ክርክር የሚመስለው ካለ የሚከተለውን ይስማ። አንድ ደንበኛ ከጅዳ የተላከለትን ኡድ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ክሩ ሲበጠስ አንድ ሰው «ያው ጊታር ነው» ብሎ የብረት የጊታር ክር ገጥሞለታል። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ክሮቹን የሚይዘው እንጨት ከፊቱ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ የወጣው የእንጨት ፊት እንደ ተላጠ ቆዳ ሻክሯል። የኡድ ፊት ሁለት ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ውፍረት ያለው ስስ ጣውላ ነው፤ የተሠራው ለጅማትና ለናይለን ነው። የብረት ክር የሚስበው ከዚያ በላይ ነው። የተላጠውን ስንጥር በስንጥር መልሼ ለማጣበቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ስለዚህ ክር ከመግዛታችሁ በፊት መሣሪያውን ከጎኑ እዩት፣ ቀንበር ነው አንገት ያለው ብላችሁ ጠይቁ፣ አሮጌውን ክር ይዛችሁ ሂዱ። ክራርና በገና ያላችሁ ደግሞ የጅማን ክረምት አትርሱ። ዝናቡ ሲበረታ ቆዳው ይላላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ያን ጊዜ ክሩን እያጠበቁ መታገል ቀንበሩን ያጎብጠዋል። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረግም ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። ማታ ማታ ክሩን ትንሽ አላልታችሁ፣ ከጭቃው ግድግዳ አርቃችሁ በጨርቅ ሸፍኑት፣ ፀሐይ ስትወጣ ጥላ ሥር ንፋስ ይንካው።