የጠብ እንግሊዝኛ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በካናዳዋ ኩቤክ ግዛት የሚያድጉ የስደተኛ ልጆች፣ የእኛዎቹም ጭምር፣ በሕጉ መሠረት በአብዛኛው የሚማሩት በፈረንሳይኛ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ በጠብና በጭቅጭቅ ወሬ ላይ የሚያደናቅፋቸው የለመዱት የሚመስላቸው ቃል ነው።

«አርጊዩመንት የመከራከሪያ ነጥብ ነው።»
በፈረንሳይኛ አዎ። በእንግሊዝኛም ይሠራል፤ «ከእገሌ ጋር» የሚል ሲከተለው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበ ወጣት «ከቀድሞ አለቃዬ ጋር ብዙ አርጊዩመንት ነበረኝ» ቢል፣ እሱ ሐሳብ አቅራቢ መሆኑን ሲያወራ ጠያቂዎቹ ነገረኛ መጣብን ይላሉ። «ዲስፒውት» ደግሞ በተቃራኒው ነው። ፈረንሳይኛው የባልና ሚስት ንትርክን ሳይቀር ይጠራበታል፤ እንግሊዝኛው ይበልጡን ለድንበር፣ ለደመወዝና ለፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

«ዘይት ጠብ ያባብሳል።»
እኛ ቤንዚን እንደምናርከፈክፈው ፈረንሳይኛው እሳት ላይ ዘይት ይጨምራል። እንግሊዝኛ እሳቱ ላይ የሚጨምረው ማገዶ ነው፤ ዘይቱን በተናወጠ ውሃ ላይ ያፈሰዋል፣ ያ ደግሞ ማብረድ ነው። መርከበኞች ዘይት ማዕበል እንደሚያስተኛ ድሮም ያውቁ ነበር፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊንም በለንደን ክላፋም ኩሬ ላይ ሞክሮት እ.ኤ.አ. በ1774 ጽፎበታል። ስለዚህ ዘይት ያፈሰሰ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሳያስበው አስታራቂ ይሆናል።

«መጥረቢያ መቅበር (ጠብ ትቶ መታረቅ) የእንግሊዝ ነው።»
አይደለም። ሁለቱም ቋንቋዎች ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው የወሰዱት፤ ፈረንሳይኛው «የጦርነት» የሚል ይጨምርበታል።

«ጎንትሌት ሁሉ ጓንት ነው።»
ጎንትሌት መጣል ለፍልሚያ መጋበዝ ነው፣ እዚህ ላይ ፈረንሳይኛም ጓንቱን ይጥላል። «ራን ዘ ጎንትሌት» ግን ከስዊድንኛ የመጣ የወታደር ቅጣት ነው፦ ጥፋተኛው በሁለት ረድፍ በቆሙ ጓዶቹ መካከል እየተገረፈ ያልፋል። እንግሊዞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወስደው ከጓንቱ ጋር ቀላቀሉት። ዛሬ በጋዜጠኞች ወይም በተቃዋሚዎች ውርጅብኝ መሀል ለሚያልፍ ሰው ይባላል።

«ሪድ ዘ ራዮት አክት (የሁከት ሕጉን ማንበብ) እንዲያው የአነጋገር ማሳመሪያ ነው።»
ዛሬ ክፉኛ መገሠጽ ማለት ነው። ሕጉ ግን የምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1715 ሥራ ላይ የዋለው የብሪታንያ ሕግ፣ 12 ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ለሁከት የተሰበሰቡ ሰዎች አዋጁ ተነቦላቸው በ1 ሰዓት ውስጥ ካልተበተኑ በሞት ያስቀጣ ነበር። ብሪታንያ ሕጉን ከተወችው ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ሆኗታል፤ ካናዳ ግን አቻውን በወንጀል ሕጓ እስከ ዛሬ ይዛለች። መበተኛው ጊዜ 30 ደቂቃ ሲሆን፣ ቅጣቱም እስከ ዕድሜ ልክ እሥራት ይደርሳል።