ሆድ፣ አንጀት፣ ልብ፦ በአማርኛ ስሜት የት ይቀመጣል?

ትምህርት ቤት ተለዋጭ ዘይቤ ሲያስተምሩን ምሳሌው «አበበ አንበሳ ነው» ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘይቤ የገጣሚ ጌጥ ይመስለናል። ግን ግጥም አንብቦ የማያውቅ ሰውም ቀኑን ሙሉ የሚያወራው በዘይቤ ነው። በአማርኛ ይሄ ጎልቶ የሚታየው ስለ ውስጣችን ስናወራ ነው።

ሆድን እንውሰድ። ሆድ የምስጢርና የስሜት ዕቃ ነው። ዕቃ ስለሆነ ይሰፋል፤ ቻይ ሰው «ሆደ ሰፊ» ይባላል። ምስጢር «በሆድህ ያዘው» ይባላል፤ ያልቻለ የሆዱን ይዘረግፋል። የተቀያየሙ ወዳጆች «ሆድና ጀርባ» ናቸው፤ አንድ ገላ ላይ ሆነው አይተያዩም። እናትም ልጇን «ና ሆዴ» ትላለች።

በተለይ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የሚለውን እወደዋለሁ። እህቱን ወደ አረብ አገር ሸኝቶ ከቦሌ የተመለሰ ሰው ያንን ባዶ አልጋ ሲያይ የሚሰማው ነገር ነው። ሐዘን ብቻ አይደለም፣ ፍርሃት ብቻም አይደለም። ሌላ ቃል ፈልጌለት አላገኘሁም።

ርኅራኄ ግን የአንጀት ነው። የሚያሳዝን ሰው አንጀት ይበላል፤ ደስ ያለው ሰው አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። ንዴት ደግሞ ቆሽት ላይ ነው። ቆሽቱ የት እንዳለ በጣቱ የማያሳይ ሰው እንኳ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ምድጃ ላይ የተረሳ ወጥም «አረረ» ነው የሚባለው። ነደደ፣ በገነ፣ ጦፈ፣ ተቃጠለ፦ ሁሉም እሳት ነው። እዚህ ላይ ዘይቤው ሐሳባችንንም ይመራል። ቁጣን እሳት ካልነው መፍትሔው ማብረድ ይሆናል። ለዚህ ነው የተቆጣን ሰው «በረድ በል» የምንለው፤ ሽማግሌም ገብቶ የሚያበርደው።

አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ጆርጅ ሌኮፍና ፈላስፋው ማርክ ጆንሰን በ1980 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ክርክር ይሄው ነው፦ ዘይቤ ከቃል በፊት የአስተሳሰብ ጉዳይ ነው። መነሻው ገላችን ስለሆነም ሩቅ ያሉ ቋንቋዎች ይገናኛሉ። ጃፓናዊ ሲናደድ «ሃራ ጋ ታትሱ» ይላል፤ ቃል በቃል ሲፈታ «ሆድ ይቆማል» ማለት ነው።

ልብ ደግሞስ? ልብ በአማርኛ በዋናነት የማሰቢያ ቦታ ነው። «ልብ በል» አስተውል ነው። «ልብ ገዛ» ማለት በሰለ ማለት ነው። ልብ ወለድ የሚወለደው ከዚሁ ልብ ነው፤ ሥነ ልቦናም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በግዕዝም፣ በጥንቱ ዕብራይስጥም ልብ ያስባል። እንግሊዝኛ ግን ልብን ለፍቅር፣ ጭንቅላትን ለሐሳብ ከፍሎ ሰጥቷል። ስለዚህ «ልብህን ተከተል» የሚለው ምክር ወደ እኛ ሲመጣ ትርጉሙ ይንሸራተታል።

ሐኪም ቤትም ይሄ ችግር ያመጣል። «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ታማሚ ብዙ ጊዜ ጣቱን የሚያሳርፈው ከደረት አጥንቱ ግርጌ፣ ጨጓራው ላይ ነው። ውጭ አገር ለእናቱ የሚያስተረጉም ልጅ «ልቧን አሟታል» ከማለቱ በፊት «የቱ ጋ ነው እማዬ?» ብሎ እጇን ይመልከት።