ካታሊቲክ ምንድን ነው? ማጣሪያ አይደለም!

«ማጣሪያው ደፍኖታል አሉኝ። አስወጣልኝ።»

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው እንዲህ ብሎኛል። አንዱማ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ቪዲዮው ላይ አንድ ሰው ጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ ያለውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር በግራይንደር ቆርጦ፣ ውስጡን በብረት እየወጋ ያራግፈዋል። «የጭስ ማጣሪያ ነው። ሲቆይ ይሞላል። ካወጣችሁት መኪናው ይተነፍሳል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል» ይላል።

እኔ መካኒክ ነኝ፤ የምሠራው ጎማ ቁጠባ አካባቢ ነው። ይህን ወሬ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። ሁሉም ስህተት የሚመነጨው ከዚያች «ማጣሪያ» ከምትል ቃል ነው።

ማጣሪያ ማለት የዘይት ፊልትሮ ነው፤ የአየር ፊልትሮ ነው። ቆሻሻውን ይዞ ያስቀራል፤ ስለዚህ ይሞላል፤ ሲሞላ ይጣላል። ካታሊቲክ ግን ጭሱን ይዞ አያስቀርም። ጭሱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሳይቃጠል ያመለጠው ቤንዚን እዚያ ተቃጥሎ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የናይትሮጅን ኦክሳይድ ተመልሶ ናይትሮጅን ይሆናል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ናቸው። ይሠራሉ እንጂ ራሳቸው አያልቁም።

በየቤታችን አንድ የሚመስለው ዕቃ አለ። ምጣድ ነው። ሊጥ ይፈስበታል፣ እንጀራ ይወጣበታል። ምጣዱ ግን ከእንጀራው ጋር አይበላም። ሊጡንም አያጣራም። ካልጋለ ደግሞ ሥራ የለውም። ያልጋለ ምጣድ ላይ የፈሰሰ ሊጥ ዓይን አያወጣም፤ ተጣብቆ ይቀራል። ካታሊቲክም ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪሞቅ ድረስ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሸክላ ነው። ጠዋት ሞተር ሲነሳ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ጭስ በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። አዎ፣ ሸክላ ነው። ቆርጣችሁ ብታዩት የማር እንጀራ ይመስላል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቃቅን ቀዳዳ።

«ግን እኮ ይዘጋል!» የሚለኝ አይጠፋም። ይዘጋል። የሚዘጋው ግን እንደ ፊልትሮ ጠግቦ አይደለም። ሞተሩ ስለበደለው ነው። አንዱ ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ሲደክም ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲኩ ይሄድና እዚያ ይቃጠላል። ሙቀቱ እየጨመረ 1,400 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ ሸክላው ራሱ ይቀልጣል። ምጣድም ከልክ በላይ ሲነድበት ይሰነጠቃል። የፒስተን ፋሻ (ቀለበቱ) ወይም የቫልቭ ጎሚኒ አልቆ ሞተሩ ዘይት ሲበላ ደግሞ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስና ዚንክ የሸክላውን ፊት ይለብሰዋል። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይታያል፤ ሥራው ግን ቆሟል።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሮጌ አውቶሞቢላቸውን ይዘው መጥተው ነበር። «ልጄ፣ አዲስ ነው ያስገጠምኩት። ስድስት ወር እንኳ አልሞላውም» አሉኝ። የቼክ ኢንጂን መብራቱ ተመልሷል። ፈትቼ በባትሪ አየሁት። የፊቱ ቀዳዳዎች ዳር ዳራቸው ነጣ ባለ አመድ ተሸፍኗል። የዘይቱን ዲፕስቲክ ሳወጣ ከዝቅተኛው መስመር በታች ነው። «ጋሼ፣ ይህ ሞተር ዘይት እየበላ ነው። ሦስተኛ ካታሊቲክ ብንገጥም እሱንም ይገድለዋል» አልኳቸው። ሊጡ ተበላሽቶ ምጣድ ሲቀያይሩ ነው የከረሙት። የነገራቸውም ሰው አልነበረም። ያ ያሳዝነኛል።

ታዲያ አዲስ ካታሊቲክ ለአሮጌ መኪና ምን ይለውጣል? የሚወሰነው አሮጌው በምን እንደሞተ ነው።

ቀልጦ ዘግቶ ከነበረ ለውጡ የዚያኑ ቀን ይታወቃል። እንዲህ ያለ መኪና ይነሳል፤ ሚኒሞውም (ቆሞ ሲዞር) ደህና ነው። ከፖስታ ቤት ወደ ማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ሲወጣ ግን ቤንዚን ሲረገጥ ያፍናል፣ ይሞቃል፣ አይጎትትም። ሲቀየርለት ዳገቱን ይወጣል። የተቀማውን ጉልበት ይመልስለታል እንጂ ሌላ አይጨምርለትም።

ዕድሜው አልቆ ቀዳዳው ግን ክፍት ከሆነ፣ ሲቀየር መሪ ላይ የሚሰማችሁ ነገር የለም። ኮምፒውተሩ «ካታሊቲኩ ደክሟል» ሲል የሚያወጣው ፒ0420 የሚለው ኮድ ይጠፋል፤ የጭሱ ሽታ ይቀንሳል። በቃ። «ታዲያ ገንዘቤ የት ገባ?» ይሉኛል። ለገሃር መብራት ላይ ከኋላችሁ ቆሞ ማስቲካ የሚሸጠው ልጅ ሳንባ ውስጥ የሚገባውን ቀንሷል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ መግባቱን ልጁ አያውቅም።

አሁን ወደ ቪዲዮው ሰውዬ ልመለስ። «ቤንዚን ይቆጥባል» ያለው ትክክል አይደለም። የቤንዚኑን መጠን የሚያስተካክለው ከካታሊቲኩ በፊት ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር እንዲደርስ ይጠብቃል። ከኋላ ያለው ሴንሰር ዋና ሥራው ካታሊቲኩን መመልከት ነው። በአንዳንድ መኪና ጥቂት ማስተካከያ ያደርጋል፤ ግን ጥቂት ነው። ያልተዘጋ ካታሊቲክ ማውጣት መብራት ያበራል፣ ጭስ ይጨምራል፤ ቤንዚን አይቆጥብም።

«ካታሊቲክ በእኛ ቤንዚን አይሠራም» የሚባለውም የድሮ ወሬ ነው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን በእርግጥ ካታሊቲክ ይገድል ነበር። የመጨረሻዋ አልጄሪያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2021 አቁማለች። እኛ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድመን ትተነዋል።

ናፍጣ መኪና ያላችሁ ግን ይህን ለእናንተ አልጻፍኩም። በአዳዲሶቹ ናፍጣዎች ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ ሌላ ዕቃ አለ። እሱ እውነተኛ ማጣሪያ ነው፣ ይሞላልም። ስሙ የተምታታው ከዚያ ይመስለኛል። ካርቡራተር ያላቸው የድሮ ዲኤክሶች ደግሞ ብዙዎቹ ካታሊቲክ የላቸውም። የሌለውን «አውጣልኝ» ብሎ የመጣም አለ።

ለመካኒክ ወንድሞቼ አንድ ነገር ልበል። የቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል የሚለካውን) ገጥማችሁ ከውጭ ቪዲዮ ባያችሁት ቁጥር አትፍረዱ። ከ17 እስከ 22 ኢንች ጤነኛ ነው የሚሉት በባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በሩብ ገደማ ሳሳ ያለ ስለሆነ ጤነኛ ሞተርም 7 ኢንች አካባቢ ዝቅ ብሎ ያነባል። በዚህ ብቻ «ተዘግቷል» ተብሎ የተቆረጠ ደህና ካታሊቲክ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። የፊተኛውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትታችሁ በቦታው የግፊት ጌጅ ግጠሙ። ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ያዙት። ግፊቱ ከ3 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ከወጣ ያኔ ጠርጥሩ።

ብየዳውንም አደራ። ከፊተኛው ሴንሰር አጠገብ ትንሽ ሽንቁር ከቀረ አየር ይስባል። ሴንሰሩ «ቤንዚን አነሰ» ብሎ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። ሰው «አዲሱ ካታሊቲክ ቤንዚን ጠጣብኝ» ብሎ ሲያማርር መጀመሪያ የማየው ብየዳውን ነው። ርካሽ ተብሎ ከሶማሌ ተራ የተገዛውን ደግሞ ሻጩን ጠይቁት። ውስጡ የተቀባው ማዕድን ትንሽ ከሆነ መብራቱ በወራት ውስጥ ይመለሳል።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ፣ ያሉን አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ቆርጦ መጣል ልማድ ሆኖ እንዳይቀር የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

ቪዲዮ ያሳየኝን ልጅ መኪና ለካሁት። 2,500 ዙር ላይ አንድ ፒ.ኤስ.አይ. እንኳ አልሞላም። ካታሊቲኩ ክፍት ነው። የአየር ፊልትሮው ግን በአቧራ ጠቁሯል፤ ሦስተኛው ኮይልም አልፎ አልፎ ይተወዋል። ሁለቱን ቀየርን። አብረን ወጥተን ቸርችልን በሦስተኛ ማርሽ ወጣው። ማዘጋጃ ቤት ጋ ስንደርስ «እና አላስወጣውም?» አለኝ። «ኮይሉን በጊዜው አግኝተነዋል፤ ትንሽ ቢቆይ እሱንም ያቀልጠው ነበር» አልኩት።