ማውገዝ፦ የቃሉ ትርጉምና አመጣጥ

በዜና ከምንሰማቸው የተቃውሞ ቃላት «ማውገዝ» ከባዱ ነው። መንቀፍ ጥፋትን መጠቆም፣ መቃወም አለመስማማት ነው፤ ያወገዘ ግን ነገሩን ከደጅ አውጥቶ በሩን ዘግቷል። «አጥብቆ አወገዘ» የሚለው የመግለጫ ቋንቋ ለዚህ ይመስላል ትርፍ ቃል የሚሆነው።

ክብደቱ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። በግእዝ «አውገዘ» ማለት በሥልጣነ ክህነት ከምእመናን ማኅበር ለየ ማለት ነው። የተለየው «ውጉዝ»፣ ሴት ስትሆን «ውግዝት» ትባላለች፤ እንደ ቅዱስና ቅድስት። ስለዚህ ብዙዎች «ውግዝ ከመ አርዮስ» ቢሉም ትክክሉ «ውጉዝ ከመ አርዮስ» ነው፦ እንደ አርዮስ የተወገዘ። አርዮስ «ወልድ ፍጡር ነው» በማለቱ በ325 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘ የእስክንድርያ ቄስ ነው።

ከዚሁ ሥር «ግዘት» (በአማርኛ «ግዝት») ተገኘ። «ወለደ» «ልደት»ን ሲሰጥ ወ ወድቃ በመጨረሻ ት እንደምትጨመር ማለት ነው። አማርኛ ግን ተጨማሪዋን ት የሥር ፊደል አድርጎ «ገዘተ» የሚል አዲስ ግስ አበጀላት። ውግዘት ባብዛኛው ለተፈጸመ ጥፋት ሲሆን፣ ግዝት «እንዳታደርግ» ብሎ አስቀድሞ ያስራል። በየወሩ 12፣ 21 እና 29 ቀን የሚውሉት ግዝት በዓላት ስማቸው ከዚህ ነው፤ ገበሬው በሬ አይጠምድም። ግዝት በጊዜ ብዛት አይለቅም፤ ሥልጣን ያለው ካህን «ይፍታህ» ማለት አለበት።

ይህ በመንግሥት ጉዳይም ሠርቷል። ለልጅ ኢያሱ የተገባው መሐላ በግዝት የታሰረ ስለነበር፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ መኳንንቱን ከመሐላው መፍታት የአቡነ ማቴዎስ ድርሻ ሆነ። ያለዚያ ሹም ሽሩ መሐላ ማፍረስ ይሆን ነበር።

በብራና መጻሕፍትም ላይ ውግዘት የዘበኛ ሥራ አለው፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ፋቂው ከሌባው ጋር የተቆጠረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የብራና ቀለም በቢላ ይፋቃል፣ የመጽሐፉ ሰጪ ስም በነበረበት ቦታ ሌላ ስም ይጻፋል።