የግሪክ ትራጄዲ፦ ሰዎቹ፣ አማልክቱና ቁልፍ ቃላቱ

ትራጄዲ በጥንቷ ግሪክ፣ በተለይ በአቴንስ ከተማ፣ የወይን አምላክ ለሚባለው ለዲዮኒሶስ በዓል የሚቀርብ የግጥም ተውኔት ነበር። ንግግር፣ ዜማና ውዝዋዜ አብረው ይሄዱበታል። በአማርኛ «አሳዛኝ ተውኔት» እንለዋለን። ስሙ ተለምዷል፣ ግን ትንሽ ያሳስታል። በእርቅና በዝማሬ የሚያልቁ ትራጄዲዎችም አሉና። ከሐዘኑ በላይ የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው። ክፉ ያልሆነ ሰው፣ አስቦና ተጠንቅቆ እየኖረ፣ እንዴት በገዛ እጁ ይወድቃል?

ስሞቹንና ቃላቱን አንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያስረዳ የአማርኛ ጽሑፍ እንደ ልብ አይገኝም። ይህን ዳሰሳ ያዘጋጀሁት ለዚህ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ዓ.ዓ.» ሲል ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለት ነው።

ተረቶቹ

ደራሲዎቹ ታሪኩን ከባዶ አይፈጥሩም። ሕዝቡ ከልጅነቱ ሲሰማው ያደገውን ተረት ይወስዳሉ። ሁለት ቤቶች በተለይ ይደጋገማሉ። አንደኛው የቴብስ ንጉሣዊ ቤት ነው፤ ላዩስ፣ ልጁ ኤዲፐስና የኤዲፐስ ልጅ አንቲጎኔ የዚህ ቤት ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው የአትሬዎስ ቤት ነው። የአትሬዎስ ልጅ አጋሜምኖን ወደ ትሮይ ለመዝመት ነፋስ እንዲነፍስለት ብሎ ልጁን ኢፊጌንያን ሠዋ። ድል አድርጎ ሲመለስ ሚስቱ ክሊተምኔስትራ ገደለችው። ልጃቸው ኦሬስቴስ ደግሞ ለአባቱ ደም እናቱን ገደለ። ደም ደምን ሲጠራ የኖረ ቤት ነው።

ተመልካቹ ኤዲፐስ በመጨረሻ ዓይኑን እንደሚያጠፋ አስቀድሞ ያውቃል። የሚመጣው ይሄኛው ደራሲ ነገሩን እንዴት አድርጎ ያመጣው ይሆን ብሎ ነው።

አማልክቱ በሁለት ስም ስለሚጠሩ አንባቢ ይደናገራል። ሮማውያን የግሪኮቹን አማልክት ከራሳቸው ጋር አዛመዷቸው። ዜውስ ጁፒተር፣ ሄራ ጁኖ፣ ፖሲዶን ኔፕቱን፣ አቴና ሚነርቫ፣ አፍሮዲተ ቬነስ፣ አሬስ ማርስ፣ ዲዮኒሶስ ደግሞ ባኩስ ሆኑ። አፖሎ ግን ስሙን እንደያዘ ሮም ገባ። አብዛኞቹን ፕላኔቶች የምንጠራው በሮማውያኑ ስም ነው።

በዓሉና መድረኩ

ትልቁ የዲዮኒሶስ በዓል የሚውለው ብርዱ ሲያልፍ፣ መጋቢት ገደማ ነው። ቦታው ከአክሮፖሊስ ኮረብታ በስተደቡብ ያለው ዳገት ነው። ሰው ዳገቱ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያያል፤ ሰማዩ ክፍት ነው። ሦስት ደራሲዎች ይወዳደራሉ። እያንዳንዳቸው ሦስት ትራጄዲና አንድ የቀልድ ተውኔት ያቀርባሉ። ዳኞች አሸናፊውን ይለያሉ።

የኅብረ ዘማሪውን፣ ማለትም አብሮ የሚዘምረውንና የሚወዛወዘውን ቡድን፣ ወጪ የሚችለው አንድ ባለጸጋ ዜጋ ነው። ይህ ለከተማዋ የሚከፈል ግዴታም ክብርም ነበር፤ ሌላው ባለጸጋ የጦር መርከብ ሲያስታጥቅ፣ ይሄኛው ዘማሪ ያስታጥቃል። ለእኔ ከበዓሉ ሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። አቴንስ ተውኔትን ከመርከብ እኩል የከተማ ጉዳይ አድርጋ ቆጥራዋለች።

ተዋንያኑ ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ ጭምብል ያጠልቃሉ። ቴስፒስ የተባለ ሰው በ534 ዓ.ዓ. አካባቢ ከዘማሪው ተነጥሎ በመናገር የመጀመሪያው ተዋናይ ሆነ ይባላል። በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ ስለሌለ ነገሩን እንደ ወግ መያዙ ይሻላል። ሁለተኛውን ተዋናይ ኤስኪለስ፣ ሦስተኛውን ሶፎክለስ እንደጨመሩ ፈላስፋው አርስቶትል ጽፏል። ኅብረ ዘማሪው መጀመሪያ 12፣ በኋላ 15 ሰው ነበር። ግድያ አብዛኛውን ጊዜ በተመልካች ፊት አይፈጸምም። ጩኸት ከውስጥ ይሰማል፤ ከዚያ መልእክተኛ ወጥቶ ይናገራል፤ ወይም ሬሳው ባለ ጎማ መድረክ ላይ ሆኖ ተገፍቶ ይወጣል። አማልክትን ከላይ የሚያወርድ የእንጨት ክሬንም ነበራቸው።

ፍሪኒኮስ የሚባል ደራሲ የገጠመው ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ፋርሶች የአቴንስ ወዳጅ የነበረችውን ሚሌጦስን በ494 ዓ.ዓ. አጠፏት። እሱም ብዙ ሳይቆይ የከተማዋን መውደቅ ተውኔት አድርጎ አቀረበው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው ተመልካቹ በሙሉ አለቀሰ። አቴንሶችም «የገዛ ቁስላችንን ነካህብን» ብለው 1,000 ድራክማ ቀጡት፤ ተውኔቱም ዳግም እንዳይታይ ከለከሉ። ትራጄዲ ወደ ጥንት ተረት ያዘነበለው ምናልባት በዚህም ምክንያት ይሆናል። ከሩቅ ቤት ሐዘን ላይ ቆሞ የራስን ማልቀስ ይቀላል።

ሦስቱ ደራሲዎች

ኤስኪለስ (525 ገደማ–456 ዓ.ዓ.) በ490 በማራቶን ከፋርስ ጋር የተዋጋ ወታደር ነው። በመቃብሩ ላይ ሰፍሯል የሚባለው ግጥም ማራቶንን ያነሳል፤ ስለ ተውኔቶቹ ግን ቃል አይተነፍስም። በ472 «ፋርሶች» የተባለውን ሥራ ሲያቀርብ ወጪውን የቻለው በኋላ የአቴንስ መሪ የሆነው ወጣቱ ፔሪክለስ ነበር። ተውኔቱ የሚካሄደው በጠላት ቤተ መንግሥት ነው። የምናየው የተሸነፈችን አገር እናት ልቅሶ ነው። የተዋጋቸውን ሰዎች እንባ ወስዶ፣ ካሸነፏቸው ሰዎች ፊት፣ በክብር አስቀመጠው። ከዚህ የሚበልጥ የልብ ስፋት አላውቅም። በ458 ያቀረበው የኦሬስቴስ ታሪክ ደግሞ ሦስቱም ክፍሉ ሳይጎድል የቀረልን ብቸኛ ሥራ ነው። ኦሬስቴስን የሚያሳድዱት የደም ተበቃይ እንስቶች በመጨረሻ በአቴንስ ችሎት ይሟገታሉ። ድምፅ እኩል ይወጣል፤ አቴና ነፃ ትለዋለች። ቂም በፍርድ ቤት ተተካ ማለት ነው። «የታሰረው ፕሮሜቴዎስ» የእሱ መሆኑን የሚጠራጠሩ ምሁራን አሉ።

ሶፎክለስ (496 ገደማ–406) በ468 ኤስኪለስን አሸንፎ ብቅ አለ። ከፔሪክለስ ጋር የጦር አዛዥ ሆኖም ተመርጧል። በ«አንቲጎኔ» ሁለት ወንድማማቾች ይገዳደላሉ። አዲሱ ንጉሥ ክሬዎን አንዱን «ከሃዲ ነውና አይቀበርም» ይላል። እህቱ አንቲጎኔ ግን ወጥታ አፈር ታለብሰዋለች። የምትበትነው እፍኝ የማይሞላ ትቢያ ነው። ለእሱ ነው የምትሞተው። ክሬዎንም የለየለት ክፉ አይደለም፤ ከጦርነት የወጣች ከተማ ሊያረጋጋ ይሞክራል። ልቡ ተመልሶ ሊያድናት ሲሄድ ግን ረፍዷል። ልጁም ሚስቱም በዚያው ቀን ያልቃሉ።

ዩሪፒደስ (480 ገደማ–406) ለጊዜው ሰዎች ከበድ ብሎባቸው ነበር። «ሜዲያ» በ431 ሲቀርብ ሦስተኛ፣ ማለትም መጨረሻ ወጣ። ሜዲያ ለባሏ ለያሶን አገሯን ጥላ፣ ወገኗን ከድታ የመጣች ባዕድ ሴት ናት። ሌላ ሊያገባ ሲል የገዛ ልጆቿን ትገድላለች። ከመግደሏ በፊት ታመነታለች፤ ትተዋለች፤ መልሳ ትነሳለች። በመጨረሻ በፀሐይ አምላክ ሠረገላ ታመልጣለች፤ የሚቀጣትም የለም። ተመልካቹ ምን ይዞ ቤቱ እንደገባ መገመት አያዳግትም። ሰውየው ከአገሩ ውጭ ግን ይወደድ ነበር። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደጻፈው በ413 ሲሲሊ ላይ የተማረኩ አንዳንድ አቴናውያን ከባርነት የወጡት የዩሪፒደስን ግጥም በቃላቸው ስለሚያውቁ ነው።

ቁልፍ ቃላት

ቃላቱን በአብዛኛው ያወረሰን አርስቶትል ነው። ስለ ግጥም የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ከትራጄዲ ወርቃማ ዘመን ወደ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ መጣ። ስለዚህ ደራሲዎቹ ሲጽፉ ያዩት ደንብ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ሃማርቲያ መነሻው ዒላማ መሳት ነው። ባለታሪኩ የሚወድቅበት ስሕተት ማለት ነው። በአዲስ ኪዳን ግሪክኛ ይኸው ቃል ኃጢአት ሆነ። ግዕዙም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። «ኀጥአ» ማለት አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ፣ በደለ ማለት ነው። «አጣ» የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ የዚሁ ሥር ልጅ ነው። ሃማርቲያን «የባሕርይ ጉድለት» ብቻ ብሎ መተርጎም ግን ኤዲፐስን ይበድለዋል። እሱ የሳተው ባለማወቅ ነው።

ሞይራ ድርሻ ማለት ነው፤ ለሰው ተቆርጦ የተሰጠው። እዚህ ላይ አማርኛ ምንም አይጎድለውም። «ዕጣ ፈንታ» ስንል ፈንታም ድርሻ ነው። ሁብሪስን ብዙዎች «ትዕቢት» ይሉታል። በአቴንስ ግን በሕግ የሚያስከስስ፣ ሰውን ለማዋረድ የሚደረግ ጥቃት ነበር። ስለዚህ «መድፈር» የሚለው ቃላችን ይቀርበዋል፤ ሰውንም፣ ሕግንም፣ አምላክንም መድፈር። ካታርሲስ መንጻት ነው። አርስቶትል ትራጄዲ በፍርሃትና በርኅራኄ ያነጻል ብሎ አለፈው፤ አላብራራውም። ምሁራን እስከዛሬ ይከራከራሉ። አልቅሶ የወጣለት ሰው ግን ነገሩ ይገባዋል።

የቀሩት ሁለቱ ቃላት ፐሪፐቴያ (የነገር መገልበጥ) እና አናግኖሪሲስ (ያላወቁትን ማወቅ) ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት ከሶፎክለስ «ንጉሥ ኤዲፐስ» የተሻለ የለም። ኤዲፐስ «አባትህን ትገድላለህ፣ እናትህን ታገባለህ» የሚል ትንቢት ሸሽቶ ከቆሮንቶስ የወጣ ሰው ነው። አሁን የቴብስ ንጉሥ ነው፤ ከተማዋን ቸነፈር ይዟታል። ከቆሮንቶስ መልእክተኛ ይመጣል። የምሥራች ያመጣ መስሎታል፦ አባትህ አረፉ፣ ዙፋኑ ያንተ ነው። ኤዲፐስ ስለ እናቱ አሁንም እንደሚሰጋ ሲነግረው፣ ሽማግሌው ሊያጽናናው ይሞክራል። አትፍራ፣ የወለዱህ እነሱ አይደሉም፤ እግርህ ተበስቶ የተጣልክ ሕፃን ሆነህ የተቀበልኩህ እኔ ነኝ ይለዋል። ያጽናናሁ ባለበት ቃል ቤቱን አፈረሰው። አጠገባቸው የቆመችው ሚስቱ ዮካስታ እናቱ መሆኗ ከኤዲፐስ ቀድሞ ይገባታል። አትጠይቅ ብላ ትለምነዋለች። አልሰማ ሲላት ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ድምጿን አንሰማም። የኤዲፐስ ስም «ያበጠ እግር» እንደማለት ነው። መልሱ ከመጀመሪያው ስሙ ላይ ነበር።

ሮም

የላቲን ተውኔት በ240 ዓ.ዓ. በሊቪዩስ አንድሮኒከስ ጀመረ። የቀደሙት ትራጄዲዎች ጠፍተው የቀሩልን የሴኔካ ናቸው። የንጉሠ ነገሥት ኔሮ መምህር ነበር፤ በ65 ዓ.ም. በኔሮ ትእዛዝ ራሱን አጠፋ። የእሱ ሜዲያ ልጆቿን በመድረክ ላይ ትገድላለች።

ኢትዮጵያውያን በተረቱ ውስጥ

ግሪኮች «አይቲዮፕስ» የሚሉት ፊቱ በፀሐይ የጠቆረውን ሕዝብ ሁሉ ነው። ቃሉ ከዛሬዋ ኢትዮጵያ ድንበር ጋር አንድ አይደለም። ይህን ከያዝን በኋላ ግን የተሰጠውን ክብር መካድ አይቻልም። በባለቅኔው ሆሜር «ኢሊያድ» የመጀመሪያ ምዕራፍ የግሪኩ ጀግና የአኪለስ እናት ቴቲስ ለዜውስ አቤቱታ ማቅረብ ትፈልጋለች። ዜውስ የለም። ከአማልክቱ ሁሉ ጋር «ነቀፋ የሌለባቸው» ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ሄዷል። የሚመለሰው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ ትጠብቃለች።

ሜምኖን የኢትዮጵያውያን ንጉሥና የንጋት አምላኳ የኤዮስ ልጅ ነው። ትሮይን ሊረዳ ዘምቶ በአኪለስ እጅ ወደቀ። አገሩን ወደ ፋርሷ ከተማ ወደ ሱሳ የሚወስዱ ጥንታውያን ጸሐፊዎችም አሉ። ሮማዊው ኦቪድ እንደሚለው የጠዋት ጤዛ እናቱ ለእሱ የምታፈሰው እንባ ነው። ኤስኪለስ ስለ ሜምኖን ጽፎ ነበር፤ ጠፍቷል።

አክሱማውያንም እነዚህን ስሞች ያውቋቸው ነበር። በአዱሊስ የነበረው የግሪክኛ ጽሑፍ ንጉሡ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን መሥዋዕት ማቅረቡን ይናገራል። በኢዛና ጽሑፍ ግሪክኛው «አሬስ» ያለውን ግዕዙ «ማሕረም» ይለዋል። አማልክትን ማዛመድ የሮም ብቻ ሥራ አልነበረም።

አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። እናቷ ካሲዮፔያ በውበት ተመክታ የባሕር አማልክትን አስቆጣች። በእናቷ ጥፋት ልጅቱ ለባሕር አውሬ በቋጥኝ ታሰረች፤ ፐርሲዩስ አዳናት። ቦታው ዮጴ ነው የሚሉም ነበሩ። ዩሪፒደስ ታሪኩን በ412 ዓ.ዓ. አቀረበው። የኮሜዲ ደራሲው አሪስቶፋኒስ በማግስቱ ዓመት ቀለደበት። በ405 ባቀረበው ሌላ ኮሜዲ ደግሞ ዲዮኒሶስ ራሱ መርከብ ላይ ሆኖ «አንድሮሜዳ»ን ሲያነብ ዩሪፒደስ ናፈቀኝ ይላል። ደራሲው ከሞተ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ከሦስቱ ደራሲዎች በመቶዎች ከሚቆጠሩ ተውኔቶች ሙሉ ሆነው የደረሱን ሠላሳ ሦስት ብቻ ናቸው፤ «አንድሮሜዳ» ከእነሱ ውስጥ የለችም። ሌሎች ጸሐፊዎች ከጠቀሷቸው ስንኞች ላይ የተለቀመ ቁርጥራጭ ነው ያለን። ከእነሱ አንዱ ልጅቱ ገና ታስራ፣ ሌሊቱን የምትጣራበት የመክፈቻ ዜማ ነው።