የጀልባ ወለል ጥገና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚሻገር የፋይበር ግላስ ጀልባ ከተሳፈራችሁ ወለሉን ልብ በሉት። ጥቃቅን ጉብታዎች አሉት። እርጥብ እግር እንዳያዳልጥ ነው። በተለይ ለንግሥ የሚሄዱ እናቶችና አባቶች ሲወጡ ሲወርዱ የሚተማመኑት በእሱ ነው። ሲሰነጠቅ ግን ጥገናው በግምት ይሠራል። ይህ ያሳስበኛል።

«ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ መቀባት ይበቃል።»
መጀመሪያ ወለሉን በመዶሻ እጀታ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጉዳቱ ላይ ላዩን ነው። የታፈነ ድምፅ ካለው ወይም ሲረግጡት ከረገበ፣ ውስጡ ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ያ ሳይከፈትና ሳይስተካከል ላዩን ማሳመር ገንዘብ ማባከን ነው።

«አሸዋ ነስንሶ መቀባትም ያው ነው።»
አይደለም! አሸዋ ባዶ እግርንና ጉልበትን ይልጣል፣ ቆሻሻ ይይዛል፣ ጥገናውም ከሩቅ ያስታውቃል። የጉብታዎቹን ንድፍ ከራሱ ከጀልባው መቅዳት ይቻላል። ያልተጎዳ ቦታ ምረጡ። አጽዱት፤ እንዳይጣበቅ ሰም ቀቡት። ለቅርጽ ማውጫ የሚሆን ፈሳሽ ላስቲክ አፍስሱበት። ሲጠነክር ላጡት፤ ልክ እንደ ማኅተም ንድፉን ይዞ ይነሳል። የተጠገነውን ቦታ ከዙሪያው ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ፈግፍጉት። ጄልኮት (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚቀባ የፋይበር ግላስ የላይኛው ሽፋን) ቀቡበት፣ ላስቲኩን ከነባሩ መስመር ጋር አገጣጥማችሁ ጫኑት፣ እስኪጠነክር አትንኩት።

«ላዩ ሲነኩት እጅ ላይ ከተጣበቀ ጄልኮቱ ተበላሽቷል።»
ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ሰም ያልተቀላቀለበት ጄልኮት አየር ሲነካው ላዩ በደንብ አይደርቅም። የተጫነው ላስቲክ አየሩንም ይከላከላል።

«ማጠንከሪያ በበዛ ቁጥር ይሻላል።»
ለ100 ግራም ጄልኮት የተለመደው ከ1 እስከ 2 ግራም ነው። ትክክለኛው መጠን ቆርቆሮው ላይ አለ። ከበዛ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። ደግሞ ማጠንከሪያው ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ያለ መነጽር እንዳትነኩት፣ አደራ።

«ነጭ ሁሉ አንድ ነው።»
የጀልባው ነጭ ፀሐይ ስለመታው ከአዲሱ ይለያል። ትንሽ ጄልኮት ቀላቅሉና የሚለጠፍ ፕላስተር ላይ ቀብታችሁ አድርቁ፤ ከዚያ ወለሉን አጥባችሁ አስተያዩት። ጄልኮቱን ሳይደርቅ አይታችሁ አትወስኑ።

«በሰም ሲወለወል ያምራል።»
ሰም ለልሙጡ ጎን ነው። ሸካራው ወለል ላይ ከተቀባ ያንሸራትታል። ለእሱ ሳሙናና ብሩሽ ይበቃዋል።