ኤክስቴንሽን ቲዩብ ምንድን ነው?

ከካሜራ ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ዙም ሌንስ ለብዙ ነገር ይሆናል። ጉንዳን ላንሳ ሲሉት ግን እምቢ ይላል። ጠጋ ሲሉ ፎከስ አይዝም፣ ራቅ ሲሉ ጉንዳኗ ነጥብ ታክላለች። ትናንሽ ነገሮችን ከቅርብ ለማንሳት የተሠራው የማክሮ ሌንስ ደግሞ ኪስ ይጎዳል። እዚህ ላይ ነው ኤክስቴንሽን ቲዩብ የሚደርስልን።

ቲዩቡ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቀለበት ነው። ውስጡ መስታወት የለም፤ የሚረክሰውም ለዚሁ ነው። ሥራው ሌንሱን ከሴንሰሩ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ምስሉን ከሚቀበለው ክፍል፣ ማራቅ ብቻ ነው። ሌንሱ ከሴንሰሩ በራቀ መጠን በጣም ቅርብ ያለ ነገር ላይ ፎከስ ይይዛል።

ጉልህነት ማለት ነገሩ ሴንሰሩ ላይ የሚይዘው መጠን ከእውነተኛ መጠኑ ጋር ሲነጻጸር ነው። ቲዩቡ የሚጨምረውን ለመገመት የቲዩቡን ርዝመት ዙሙ ላለበት ሚሊሜትር (ከ18 እስከ 55 ካለው ቁጥር) ማካፈል ነው። 25 ሚሊሜትር ቲዩብ 55 ላይ ወደ 0.45 ይጨምራል። ሌንሱ በራሱ 0.3 ከነበረው ድምሩ 0.75 ይሆናል። 10 ሚሊሜትር ርዝመት ያላት ጥንዚዛ ሴንሰሩ ላይ 7.5 ሚሊሜትር ትይዛለች ማለት ነው። ከተራ ዙም ሌንስ ይህን ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም!

18 ላይ ቢሆንስ? በስሌቱ የበለጠ ያጎላል። በተግባር ግን ፎከስ የሚይዝበት ቦታ ከሌንሱ ፊት ጋር ይጣበቃል፣ እንዲያውም መስታወቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዙሙን 55 ላይ አድርጋችሁ ተዉት።

ስትገዙ አንድ ነገር አደራ። ቀለበቱ ላይ ወርቃማ የኤሌክትሪክ ነጥቦች መኖራቸውን እዩ። ከሌሉ ካሜራውና ሌንሱ መረጃ አይለዋወጡም። አውቶፎከሱ ቢቀር ግድ የለም፤ ለቅርብ ፎቶ በእጅ ይሻላል። የሚጎዳው አፐርቸሩን፣ ማለትም ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ መቀየር አለመቻሉ ነው። በዚህ ርቀት ጥርት የሚለው ቦታ ከሚሊሜትር ላያልፍ ይችላል። አፐርቸሩ ወለል ብሎ ከተከፈተ የጥንዚዛዋ ዓይን ጥርት ብሎ ቀንዶቿ ይደበዝዛሉ። ቀዳዳውን አጥብባችሁ ኤፍ 8 ወይም 11 ላይ ብታደርጉት ሁለቱንም የመያዝ ዕድል አለ። ስለዚህ ትንሽ ጨምራችሁ ነጥብ ያለውን ግዙ።

ቲዩቡ ብርሃንም ይቀንሳል፤ ፀሐይ ወይም ፍላሽ ያስፈልጋችኋል። ፎከስ ስታደርጉ ቀለበቱን ከማሽከርከር ይልቅ ራሳችሁ በቀስታ ወደፊትና ወደኋላ በሉ። ሩቅ ያለ ነገር ለማንሳት ግን ቲዩቡን ማውለቅ ግድ ነው።